በመስከረም ወር የድኩላን ፈለግ መርምሮ አውራውን ስለ መለየት

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ክረምት ወጥቶ መስከረም በጠባ ጊዜ ምድር ገና እርጥብ ስለ ሆነች የረገጣትን ሁሉ ትመዘግባለች። ሣሩ ረዝሞ፣ ቅጠሉ ለምልሞ፣ ጤዛው በየማለዳው እየወረደ ስለሚያድር፣ በሌሊት ያለፈ አውሬ ሁሉ መንገዱን ሳይገልጥ ሊያልፍ አይችልም። አባቶቻችን አዳኞች ይህን ወራት ይወዱት የነበረው ስለዚህ ነው። ደግሞም ከመስቀል በዓል እስከ ኅዳር 15 ቀን፣ ማለት እስከ ጾመ ነቢያት መግቢያ ድረስ፣ ሥጋ የሚበላበት ጊዜ በመሆኑ አዳኝ ያገኘውን ይዞ ወደ ቤተ ሰቡ ለመመለስ ይመቸው ነበር።

ዛሬ ስለ አደን የምንጽፈው ጠመንጃ አንሡ ለማለት አይደለም። ፈለግን ማንበብ ትልቅ ትምህርት ሆኖ ሳለ፣ ከሽማግሌዎች ጋራ ሊቀበር መቃረቡን በዓይናችን ስላየን፣ ያየነውንም ለቤተ ሰብ አባቶችና ለልጆቻቸው ልናካፍል ስለ ወደድን ነው። ነገሩም የሆነው በእንደርታ፣ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ባለችው በቁሓ ነው።

ቁሓ በደጋው ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ወደ አዲግራት የሚወጣው ጐዳና የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ በአጠገቧ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2257 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ጥቂት ሰዓት ከተጓዘ በኋላ ደጋው በድንገት ተቈርጦ፣ ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ያያል። በዚያ አፋፍ ላይ ጽድና ወይራ የበቀለበት የደስአ ደን ይገኛል። አደንም ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በቁሓ ካለው የድንጋይ ጥላ ሥር እጅግ የጥንት ሰዎች ጠርበው የሠሩት የድንጋይ መሣሪያ ተቈፍሮ ወጥቷል። ጠመንጃ ሳይታወቅ በፊት በዚሁ ሜዳ ላይ ፈለግ የሚያነብ ሰው ነበረ ማለት ነው።

የአገራችን የዱር ፍየሎችና ድኩላዎች ስማቸው ሳይቀር በዓለም መጻሕፍት ገብቷል። ሄንሪ ሶልት የሚባለው እንግሊዛዊ በ1805 በፈረንጅ አቆጣጠር ወደ ትግራይ መጥቶ፣ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በእንጣሎና በጨለቖት ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱም ስፍራዎች ከቁሓ ሩቅ አይደሉም። እንሹ የምንላት ትንሿ የቆላ አውሬ በሊቃውንቱ መዝገብ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ትጠራለች። ምዳቋ የሚለው ስማችን ደግሞ በ1837 በፈረንጅ አቆጣጠር ለእንሹ ወገን ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ተሰጠ፤ ይህም ስሙን በተቀበሉና አውሬውን በማያውቁ ሰዎች ዘንድ የሚደርስ ስሕተት ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ግን በ1835 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ድኩላ ሲጽፍ፣ ድኩላ የሚለውን ቃላችንን እንዳለ ለራሱ ለድኩላው አኖረለት። በ1902 በፈረንጅ አቆጣጠርም በደጋው ደን የሚኖረው ጥቁሩ ድኩላ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ተጠራ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ።

በቁሓ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ፣ በወጣትነታቸው አዳኝ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን አሉ። የልጅ ልጃቸው በጥር ወር ሚስት ሊያገባ ታጭቶ ነበርና፣ በሰርጉ ዳስ መግቢያ ላይ የአውራ ድኩላ ቀንድ ሊያቆም ተመኘ። የአባቱ ጠመንጃ በእጁ ነበረ። «አቦይ፤ እርስዎ በአገሩ ሁሉ የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ ትልቁ ድኩላ የት እንደሚውል ያሳዩኝ» ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «ሦስት ማለዳ ያለ ጠመንጃ ተከተለኝ፤ በአራተኛው የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ» አሉት። እኛም ለመስቀል በዓል ወደ ቁሓ መጥተን ስለ ነበረ፣ አብረን እንድንሄድ ፈቀዱልን።

በመጀመሪያው ማለዳ ከገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ዋልካ አፈር ባለበት ረግረግ ዳር፣ ልጁ አንድ ትልቅ ኮቴ አገኘ። ጠርዙ በቢላዋ የተቈረጠ ይመስል ነበር። «ይኸውና! አሁን ያለፈ ነው» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ተቀምጠው በበትራቸው ጫፍ አሳዩት። በኮቴው ውስጥ የሸረሪት ድር ተዘርግቶበታል፤ ከታችም ጉንዳን ጉድጓድ ቈፍሮ አፈሩን አውጥቶበታል፤ በላዩም የዝናም ጠብታ የመታው ትናንሽ ጐድጓዳ ምልክት አለ። «ዝናም መቼ ነው የተወን?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ካቆመ ከሳምንት በላይ እንደ ሆነው ተናገረ። «እንግዲህ ይህ ኮቴ ከዚያ በፊት የታተመ ነው። ዋልካ ጭቃ በነሐሴ ሲረገጥ እንደ ሸክላ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ይጠነክራል። በመስከረም የሚሳሳት አዳኝ ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ያየውን እንጂ የታየበትን ቀን አይጠይቅም» አሉት።

ይህን በሰማን ጊዜ የራሳችን ሥራ ትዝ አለን። በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስንመዘግብ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ አየህ?» ብሎ ነው። እውነተኛ ምስክር እንኳ ቀኑን ከሳተ ንጹሑን ሰው ያስፈርድበታል።

ትኩስ ፈለግ ምን እንደሚመስልም አስረዱን። ጤዛ የወረደበት ሣር በማለዳ ብር መስሎ ሲያበራ፣ አውሬ ያለፈበት መስመር ግን ጤዛው ስለ ረገፈ ጠቁሮና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ጤዛው በኮቴው ውስጥ ጭምር ወርዶ ከተገኘ አውሬው ያለፈው ከሌሊቱ በፊት ነው፤ ኮቴው ጤዛውን ሰብሮት ከተገኘ ግን ያለፈው በንጋት ነው። የተረገጠ ሣርም ቀና ሳይል ከተገኘ አውሬው ሩቅ አልሄደም። በጠጡም እንደዚሁ ነው፤ ትኩሱ እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ሲሰበርም ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጢንዚዛም ይበላዋል።

በሁለተኛው ማለዳ ጤዛውን የሰበረ መስመር አገኘን። ልጁ በደስታ ሊሮጥ ሲል ሽማግሌው እጁን ይዘው አቆሙት፤ «መቼ የሚለውን አወቅህ፤ ማን የሚለውንስ?» አሉት። ከዚያም ኮቴዎቹን አንድ በአንድ አስቈጠሩት። ሁለቱ ጠባብና ሾጣጣ ነበሩ፤ ሦስተኛው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሆኖ ከአንደኛው ጐን ጐን ይሄዳል። አውሬው ውሃውን የጣለበትንም ቦታ አሳዩት። ወንድ ሲሆን ውሃው ከኋላ እግሮቹ ኮቴ ፊት ለፊት ይወርዳል፤ ሴት ስትሆን ግን በኋላ እግሮቿ ኮቴ ላይ ወይም ከኋላው ይሆናል። እነዚህ ሁለት ሴቶችና አንድ ግልገል ነበሩ። ሴት ድኩላ ስድስት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ግልገሉንም በቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ታሳድገዋለች። ሴቲቱ ቀንድ የላትም፤ ቆዳዋም ቀይ ነው።

የአውራውን ምልክት ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። እርሱ ብቻውን የሚሄድ ነው። ድኩላ እንደ ዝንጀሮ መንጋ አይወድም፤ ከዓመት ዓመትም በአንድ ትንሽ ስፍራ ውስጥ ተወስኖ መኖር ልማዱ ነው። የሸመገለ አውራ ክብደቱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ስለሚደርስ ኮቴው ሰፊ ነው፤ ጫፉም በድንጋይ ላይ ብዙ ዘመን ከመሄዱ የተነሣ ደንዝዟል። አንገቱ ወፍራም ስለ ሆነ ፊተኛው እግሩ ከኋለኛው ይልቅ ጠልቆ ይረግጣል። ከመንገዱ ዳር ያለ የአጋም ቁጥቋጦ ቅርንጫፉ ተሰባብሮ፣ ልጡ ተልጦ፣ ከሥሩም አፈሩ በቀንድ ተገልብጦ አገኘን፤ የተላጠውም ገና ነጭና እርጥብ ነበር። ይህ የአውራው ሥራ ነው፤ ኃይሉን ለማሳየት ቁጥቋጦውን በቀንዱ ይደበድባል፣ ጭቃውንም ይወጋል።

በዚህ ላይ አንባቢን የሚያስተው ነገር ስላለ ጥቂት እንናገራለን። ስለ አደን የሚናገሩ የአውሮጳና የአሜሪካ መጻሕፍት፣ በበልጋቸው መግቢያ የእነርሱ አጋዘን ቀንዱን የሸፈነውን ለስላሳ ቆዳ በዛፍ ላይ እያሸ እንደሚጥለው፣ አዳኙም የታሸውን ዛፍ አይቶ አውራውን እንደሚከተል ይገልጻሉ። የዚያ አገር አውሬ ቀንዱ በየዓመቱ ይወድቃል፤ እንደገናም ይበቅላል። እንዲህ ያለው ወገን ግን በኢትዮጵያ ከቶ የለም፤ በአፍሪካ ግን በአልጄርያና በቱኒስ ደን ይገኛል። የእኛ ድኩላ ቀንዱ አንድ ጊዜ ከበቀለ እስከ ሞት አይወድቅም። የርቢውም ጊዜ በአንድ ወር አይወሰንም። ስለዚህ የተላጠ ቁጥቋጦ በአገራችን አውራ በዚህ መኖሩን ይመሰክራል እንጂ ወራቱን አይናገርም።

በዚያው አገር የሚገኘው ሰስ፣ በትግርኛ ሰስሓ የሚባለው፣ ምልክቱ ሌላ ነው። ሰስ በጥፍሩ ጫፍ ቆሞ በድንጋይ ላይ ስለሚዘል ኮቴው ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ይመስላል። ከባልንጀራው ጋራ ጥንድ ሆኖ ይኖራል፤ በጠጡን በአንድ ቦታ ይከምራል፤ ከዓይኑ ሥር ካለው ዕጢም ጥቁር ቅባት በጭራሮ ጫፍ ላይ እየቀባ ወሰኑን ያስታውቃል። ሲደነግጥ ያፏጫል። ድኩላ ግን ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ሰው መንደር የቀረበ ይመስለዋል።

«ማን» እና «መቼ» ከታወቀ በኋላ የሚቀረው «ወዴት» ነው። በመስከረም ውሃ በየስፍራው ስላለ አውሬው ወደ ምንጭ መውረድ አያሻውም፤ ቅጠልም ሞልቷል። ስለዚህ በየውሃው ዳር የሚጠብቅ አዳኝ ይደክማል። መፈለግ የሚገባው የለመለመ ቅጠል፣ የወደቀ የሾላ ፍሬ፣ በጫካው ዳር ያለ የባቄላ ማሳ፣ ደግሞም ዝንጀሮች ከዛፍ ላይ ፍሬ የሚያረግፉበት ስፍራ ነው፤ ድኩላ ከሥር ሆኖ ይለቅማልና። ምግቡንም በምሽትና በንጋት ተመግቦ ቀኑን በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ምድሩ ሲደርቅ ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል፤ የመስከረምን ምልክት ይዞ በታኅሣሥ የሚፈልግ ሰው ባዶ ስፍራ ያገኛል።

ነፋሱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በገደል አፋፍ ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀች በኋላ ደግሞ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል። ስለዚህ በንጋት ከላይ የሚመጣ ሰው ሽታው ይቀድመዋል። እኛም ገና ሳይነጋ በስተደቡብ በኩል ዞረን ከአውራው ማረፊያ በታች ከአለት ሥር ተቀመጥን።

ጥቂት ቆይቶ አውራው ወጣ። ጥቁር ነበር፤ ድኩላ ወንዱ እየሸመገለ ሲሄድ ይጠቁራልና። የአንገቱ ጠጉር ሳስቶ ገመድ የታሰረበት ይመስል ነበር። ቀንዶቹ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ብለው ቀጥ ያሉ ሲሆኑ የግራው ጫፍ ተሰብሯል። ከእኛ የነበረው ርቀት ሰማንያ እርምጃ አይሞላም። ልጁ እጁን አንሥቶ ባዶውን ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር አደረገ። አውሬው ቅጠል በጥሶ በላ፤ ጆሮውንም አዞረ፤ በቀስታም ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

በመመለሻችን ላይ ሽማግሌው በድንጋይ ላይ ዐርፈው ልጁን ጠየቁት።

«በሦስት ማለዳ የስንት ሴት ፈለግ አየህ?»

«የሁለት፤ ምናልባትም የሦስት።»

«የስንት ወንድ?»

ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ «የአንድ» አለ።

«እንግዲህ ነገ በምትተኩሰው ጥይት ስንት ትገድላለህ?»

ልጁ ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ዳሩ ግን ተቈጣ። «አቦይ፤ እርስዎ በወጣትነትዎ ስንት ገደሉ? በእኔ ጊዜ ነው እንዴ የሚከለከለው?» አላቸው። ይህ ለአያት የሚነገር ቃል አልነበረም፤ እኛም አፍረን ወደ መሬት ተመለከትን።

ሽማግሌው ግን አልተቈጡም። «እስከ ሰባት ቈጠርሁ፤ ከዚያ በኋላ መቍጠር ተውሁ። ከዚህ ማዶ ያለውን ሸለቆ ታያለህ? በዚያ በአንድ መስከረም የአምስት አውራ ፈለግ ለይቼ አውቅ ነበር። ዛሬ የአንዱም የለም። የመጨረሻውን ቀን ልንገርህ። ፈለግ ሳልመረምር፣ ቅጠል ሲንቀሳቀስ አይቼ ተኰስሁ። እንደ ደንባችን በሥላሴ ስም ልባርካት ቢላዋ ይዤ ሮጥሁ። ሴት ነበረች፤ በሆዷም ልጅ ነበረ። ጠመንጃዬን በዚያ ዓመት ሸጥሁ። ሰዎች ሸመገለ አሉ፤ ምክንያቱን ግን ለአንድም ሰው አልተናገርሁም ነበር» አሉ።

ከዚህ በኋላ እስከ ቤት ድረስ የተናገረ የለም።

እኛም በሙያችን ግዴታ ጥቂት ቃል እንጨምራለን። በኢትዮጵያ የዱር አራዊት አደን በሕግ የተወሰነ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፣ ቅጣትም ደንግጓል። በተፈቀደበት ስፍራ እንኳ፣ እንደ አርሲና ባሌ ተራሮች፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን የሚያድን ሰው ፈቃድ የሚሰጠው ለሸመገለው ወንድ ብቻ ነው። ሴትና ግልገል አይነኩም። ስለዚህ ወንዱን ከሴቲቱ፣ አሮጌውን ከጐረምሳው መለየት ለሕግ አክባሪም አዳኝ አስፈላጊ ትምህርት ነው፤ ለደን ጠባቂም፣ አውሬ ለሚቈጥር ሊቅም እንደዚሁ።

በትግራይም ብዙ ኰረብታ ከከብትና ከምሳር ተከልሎ ደኑ መልሶ እንዲበቅል ከተደረገ በኋላ፣ ጠፍተው የነበሩ አራዊት ወደ ተከለሉት ስፍራዎች ተመልሰው ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግን መብራትና ነዳጅ ስለ ጠፋ ሕዝቡ በችግር ተገዶ ለማገዶና ለከሰል ብዙ ዛፍ ቈረጠ። ቁጥቋጦ ከሌለ ድኩላ የለም፤ የሚደበቅበት ካጣ በጥይት ሳይመታ ያልቃልና። የተረፈውን ጥቂት አውራ ለዳስ ጌጥ መግደል ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገባ አይደለም።

በአራተኛው ማለዳ ልጁ ብቻውን ተነሥቶ ወጣ። ሽማግሌው በደጃፍ ተቀምጠው ተኩስ ይሰማ እንደ ሆነ ሲጠባበቁ አየናቸው፤ ቡናም አልጠጡም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ልጁ ተመለሰ። ጠመንጃው በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ነበር፤ እርሱ በእጁ የያዘው በትር ብቻ ነው። «አቦይ፤ ከአውራው ፈለግ በላይ በኩል ሌላ የወንድ ኮቴ አገኘሁ፤ ትንሽ ነው፤ ጫፉም ገና ሹል ነው፤ ቁጥቋጦም በቀንዱ ነክቷል» አላቸው።

ሽማግሌው ወዲያው አልተደሰቱም። «ጤዛው በኮቴው ውስጥ ነበረ ወይስ ተሰብሮ?» ብለው ጠየቁት።

«ተሰብሮ ነበር።»

«ውሃውንስ የጣለው ወዴት ነው?»

«ወደ ፊት።»

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ፈገግ ብለው ቡና እንዲፈላ አዘዙ። ሰርጉም በጥር ወር በበሬ ሥጋ ተደግሶ በደስታ ተፈጸመ፤ በዳሱ መግቢያም ቀንድ አልተሰቀለም።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በአባታችሁ ወይም በአያታችሁ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ፣ ልጆቻችሁን በመስከረም ማለዳ ይዞ እንዲወጣ አድርጉ። በትር ለሁሉም ይበቃቸዋል። ማን፣ መቼና ወዴት ብሎ መጠየቅን ከምድር የተማረ ልጅ፣ ባደገ ጊዜ በዳኝነት ወንበር ላይ ቢቀመጥም ሆነ ቤተ ሰቡን ቢያስተዳድር፣ ሳይመረምር አይፈርድም፤ ሳይለይም አይተኵስም።